የመጨረሻው ረድፍ ቤቶች

አዲስ አበባ ዳር፣ ፉሪ ላይ ቤት ስንሠራ ከእኛ በኋላ ሌላ የቤት ረድፍ አልነበረም። ከአጥራችን ጀርባ የጤፍ ማሳ ነው፤ ከማሳው ማዶ ባሕር ዛፍ፤ ከባሕር ዛፉ ማዶ ምን እንዳለ ሄጄ አላየሁም። ባጃጅ የሚመጣው አስፋልቱ እስከሚያልቅበት ድረስ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለውን በእግራችን እንገባለን። ክረምት ላይ ጥቁሩ አፈር ጫማ ስለሚያስቀር ቦቲ አድርገን እንወጣና አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ቦቲውን እዚያ ካለው ሱቅ አስቀምጠን በፌስታል የያዝነውን ጫማ እንቀይራለን። ባለሱቁ የእያንዳንዳችንን ቦቲ ለይቶ ያውቅ ነበር።

ባሌ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ አንዴ ከሄደ ቶሎ አይመለስም። እኔ ጎፋ አንድ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ፣ ለቡ መብራት ኃይል ላይ ታክሲ ቀይሬ እሄዳለሁ፤ ማታ በዚያው እመለሳለሁ። ከኪራይ ቤት ወደ ኪራይ ቤት ስንዞር ከርመን ስለነበር፣ ውሃ በቦቴ የሚመጣበት፣ መብራት ከሩቅ ምሰሶ የሚጎተትበት ቦታ መሆኑ አላሳሰበንም። በራችንን ከውስጥ ዘግተን መተኛታችን ብቻ በቂ ነበር።

ቦታውን የሸጡልን ሴትዮ ከአጥራችን ጀርባ፣ ከማሳው ዳር ይኖራሉ። ሰፈሩ በሙሉ «አደ» ይላቸዋል፤ በኦሮምኛ ለትልቅ ሴት የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ባላቸው ሞተዋል። ከመሬታቸው ግማሹ ቤት ሆኗል፤ የቀረውን ራሳቸው ያሳርሳሉ፣ አንድ ልጃቸው ደግሞ ባጃጅ ይነዳል። በስተግራችን ያለው ጎረቤታችን በያጅ ነው። የመጣው ከትግራይ ነው፤ ሚስቱንም ያገባት ከዚያው ነው፣ ሁለቱ ሴቶች ልጆቹ ግን የተወለዱት አዲስ አበባ ነው። ግቢው ውስጥ በቆርቆሮ ጥላ ሥር በርና መስኮት ይበይዳል። በእኛ ረድፍ እሱ ያልሠራው በር ያለ አይመስለኝም። ታናሽ ልጁና የእኔ ልጅ አንድ ክፍል ነበሩ፤ አብረው ሄደው አብረው ይመጣሉ።

እናቴ ከሞተች በኋላ አባቴን ከወሎ አምጥተነው ከእኛ ጋር መኖር ጀመረ። በመጣ ሰሞን ጎመን እንኳ ይትከል ብለን መኮትኮቻ ገዛንለት። አመስግኖ ተቀበለና ግድግዳ ላይ አስደግፎት ቀረ። እሱ የሚወደው ጎረቤት መዞር ነው። ጠዋት ጋቢውን ደርቦ ይወጣል፤ አደ ጋ ጎራ ይላል፣ በያጁ ጋ ቁጭ ይላል፣ ብሎኬት ማምረቻው ጋ ቆሞ ሲመታ ያያል፣ ለምሳ ይመለሳል። ከአደ ጋር የሚያወራው በኦሮምኛ ነበር። እሳቸው ይስቁበታል፤ «ይሄ የእዚህ አገር ኦሮምኛ አይደለም፤ የዚያ የማዶ ነው» ይሉታል።

«ሰው ታሰለቻለህ፣ አባዬ» እለዋለሁ።

«ሰው የሚሰለቸው የማያውቀውን ነው» ይለኛል።

ሰሜን ላይ ጦርነቱ ከተነሳ ዓመት አልፎት ነበር። እኛ ዘንድ የደረሰው በኑሮ ውድነትና በወሬ ነበር፤ ከዚያ በዚያው ዓመት፣ ጤፉ መታጨድ ሲጀምር፣ ወሬው በየቀኑ የከተማ ስም ይዞ ይመጣ ጀመር። ከትግራይ የተነሱት ተዋጊዎች ዛሬ እዚህ ከተማ ደርሰዋል ይባላል፤ በማግስቱ ከዚያ ወዲህ ያለው። ካርታ አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ የከተሞቹን ቅደም ተከተል አወቀ። ባሌ ጅቡቲ ጭኖ ሊመለስ ሲል መንገዱ አስተማማኝ አይደለም ተብሎ መኪኖቹ ሁሉ ቆሙ። ስደውልለት «ደህና ነኝ፣ ሙቀቱ ብቻ ነው» ይላል። እኔም «ደህና ነን» እላለሁ። አንዳችን የሌላችንን ቃል እንዳላመንን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ግን በስልክ ከዚያ የተሻለ የሚባል ነገር አልነበረም።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ሰፈሩ ራሱን እንዲጠብቅ ተባለ። አደ ከብቶቻቸውን የሚያውሉበት ሜዳ ላይ ተሰበሰብን። ሰብሳቢ ሆኖ የተመረጠው ብሎኬት የሚያመርተው ጎረቤታችን ነው። ጎልማሳ ነው፤ ለዕድሩ ድንኳን ሲያስፈልግ መጀመሪያ የሚሮጥ፣ ሰው ሲታመም መኪናውን የሚሰጥ ሰው።

«እኛ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነን» አለ። «መሀል ከተማ ያለ ሰው ከኋላው ጎረቤት አለው። ከእኛ ኋላ ሜዳ ነው። አንድ ነገር ከመጣ ቀድሞ የሚያገኘው እኛን ነው። ስለዚህ ከየቤቱ አንድ ሰው ተራ ይገባል።»

ማንም አልተቃወመም። እኔም ብሆን ባሌ የሌለበት ቤት ውስጥ ማሳ ተደግፌ ነበር የምተኛው፤ ሰው ከውጭ ቆሞልኝ ማደር መልካም ነው አልኩ። ወንዶቹ አንድ በአንድ እጃቸውን እያወጡ ተራ ያዙ። በያጁም እጁን አወጣ።

ሰብሳቢው አየው፤ ከዚያ ወደ መሬት አየ። «አንተ ለጊዜው ቆይ» አለው።

በያጁ እጁን አወረደ። ከጎኑ የቆመው ሰው ትንሽ ፈቀቅ አለ፤ ምናልባት እግሩን ለማፍታታት ይሆናል፣ አላውቅም። ሰብሳቢው ቶሎ ወደ አባቴ ዞረ።

«አባባ፣ እርስዎ በደርግ ጊዜ ሚሊሺያ ነበሩ አሉ። ለልጆቹ እንዴት እንደሚቆም ቢያሳዩልን።»

አባቴ ተቀምጦበት ከነበረው ብሎኬት ሳይነሳ «ረስቼዋለሁ» አለ።

«ምንም አይደል፣ ምክር ብቻ ነው።»

«ምክር ከሆነ አንድ አለኝ። የምንጠብቅ ከሆነ ሁላችንም እንጠብቅ። አንዱ ጎረቤት ሌላውን የሚጠብቅ ከሆነ ግን እኔ ዱላ አልይዝም፤ ከቤቴም ሰው አይወጣም።»

ከኋላ አንድ ሰው «ሽማግሌው የሚሉትን ያውቃሉ?» ሲል ሰማሁ። አባቴን ክንዱን ይዤ አስነሳሁትና ወደ ቤት ሄድን።

መድኃኒት ቤት ውስጥ ያን ሰሞን ሰው መድኃኒት የሚገዛው እንደ ስንቅ ነበር። የግፊት ኪኒን የሚወስዱ እናቶች «የጥቂት ወር ስጪኝ» ይላሉ። የሕፃን የትኩሳት ሽሮፕ ከመደርደሪያ አለቀ። ፋሻና አልኮል የሚገዛ ሰው ለምን እንደሚገዛ አይናገርም፤ እኛም አንጠይቅም። ታክሲ ውስጥ ስልካቸው ሲጠራ ስሙን አይተው የማያነሱ ሰዎች ነበሩ። ለቡ ላይ ታክሲው ይቆምና መታወቂያ ይታያል። አንድ ጊዜ ከጎኔ የተቀመጠች ሴት መታወቂያዋን አወጣች። ፈታሹ አይቶ መለሰላት። እስከ ጎፋ ድረስ ከቦርሳዋ ውስጥ አልከተተችውም፤ ይዛው ተቀመጠች።

አባቴ ግን ዙሩን አልተወም። እንዲያውም በበያጁ ግቢ የሚቀመጥበት ጊዜ ረዘመ። ሌላው ሰው በር ማሠራቱን አቁሞ ስለነበር ግቢው ፀጥ ብሏል። ሁለቱ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ተቀምጠው ይውላሉ። አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆምኩበት።

«አባዬ፣ ዛሬ ቤት ዋል።»

«ለምን?»

«ሰው እያየ ነው። እዚያ ቤት ስትገባ ስትወጣ እያዩህ ነው። እኔ ልጅ አለኝ። ባሌ የት እንዳለ ታውቃለህ። አንተን ምን ሊሉህ እንደሚችሉ አስበኸዋል?»

አየኝና ጋቢውን አውልቆ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። የሚሄድ መስሎኝ ነበር፤ አልሄደም። «ተቀመጪ» አለኝ። ሽንኩርት መላጥ ጀምሬ ነበር፤ ይዤው ተቀመጥኩ።

የተወለድኩት ወለጋ ውስጥ፣ በሰፈራ መንደር መሆኑን አውቃለሁ። ለምን ከዚያ እንደወጣን ግን እናቴም እሱም ነግረውኝ አያውቁም ነበር።

«በድርቁ ጊዜ በመኪና ጭነው ወሰዱን» አለ። «ቦታው ደን ነበር። ትራክተር ፊት ፊት ይመነጥራል፣ እኛ ከኋላው ጎጆ እንቀልሳለን። ከመጨረሻው ጎጆ ቀጥሎ ጫካ ነው። መጀመሪያ ላይ የአገሬው ሰው ክፉ አልነበረም፤ ገርሞት ነበር እንጂ። እኛም ዛፉ ሲቆረጥበት ምን እንደሚሰማው የምናስብበት አቅም አልነበረንም፤ ርቦናል። ከነሱ አንድ ቀፎ የሚሰቅል ሰው ነበር። ወባ ስትጨርሰን ቤታችን መጥቶ እንዴት እንደምንተኛ፣ ከየትኛው ውሃ እንደምንርቅ ያሳየን እሱ ነው። ቋንቋውን ያስተማረኝም እሱ ነው። አንቺ ስትወለጂ ማር ይዞ መጣ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አብዮቱ በየጫካው ጠላት ነበረው። ጫካ የገቡት ታጣቂዎች እኛን የመንግሥት ሰው ናቸው አሉ። መንግሥት ደግሞ ጠመንጃ ሰጥቶ የመንግሥት ሰው አደረገን። ተራ እየገባን ከመጨረሻው ጎጆ ኋላ እንቆማለን። አንድ የገበያ ቀን ቀፎ ሰቃዩ እቤቴ መጣ። ‹በዚህ ሳምንት ከወንዙ ማዶ ያለውን እርሻ ተወው› አለኝ። ሌላ አልጨመረም። ሲወጣ የእኛው ጥበቃዎች አይተው ያዙት። ከታጣቂዎች ጋር ነው፣ ቤቶቻችንን ሊቆጥር ነው የመጣው አሉ። ጽሕፈት ቤት ድረስ ሄጄ ‹ሰውየው እኔን ሊጠይቅ ነው የመጣው፣ ወዳጄ ነው› አልኩ። ‹አንተ እርሻህን እረስ› አሉኝ። በማግስቱም ሄድኩ። ወደ ከተማ ተወስዷል አሉ።»

«ተመለሰ?»

«እኔ እስካለሁ ድረስ አልተመለሰም።»

ሽንኩርቱን ትቼው ነበር። ልጄ ከውስጥ ቴሌቪዥን ከፍታለች።

«ከዚያ ወዲያ ገበያ ስንወጣ ጨው የሚሸጥልን ጠፋ» አለ። «ሰላም ስንል የሚመልስ ጠፋ። ታጣቂዎቹማ ገና አልመጡም። ጠመንጃው አለ፣ ተራው አለ፣ እንቅልፍ ግን የለም። ከየትኛው በኩል ምን እንደሚመጣ የሚነግረን ሰው አልነበረማ። እናትሽ ‹እዚህ ልጅ አላሳድግም› አለች። አንቺን አዝላ፣ እኔ አንድ ጆንያ ተሸክሜ፣ ወጣን። የቀሩት ሰዎች ላይ መዓቱ የወረደው እኛ ከወጣን በኋላ ነው። አጎትሽ እዚያ ነው የቀረው።»

አጎቴ በወባ እንደሞተ ነበር የማውቀው። ትንሽ ቆይቶ ጋቢውን ለበሰና ወጣ። አልከለከልኩትም፤ ግን ፍርሃቴ አልቀነሰም። እንዲያውም ብሶብኛል ማለት ይሻላል። እስከዚያ ቀን ድረስ የሚያስፈራኝ ከሩቅ የሚመጣው ነበር።

ፍተሻው የመጣው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ፖሊሶች፣ ሰብሳቢው፣ ከሌላ መንደር የመጡ የማላውቃቸው ወጣቶች። ከረድፉ ጫፍ ጀምረው በየቤቱ ይገባሉ። እኛ ቤት አልቆዩም፤ አልጋ ሥር አይተው፣ የባሌን የመኪና መለዋወጫ ሳጥን ከፍተው ወጡ። ከዚያ ወደ በያጁ ግቢ ሲሄዱ አባቴ ቤት እንደሌለ አስታወስኩ። ነጠላዬን ብቻ ጣል አድርጌ ተከተልኩ።

አባቴ የቤቱ ደፍ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ቀድሞ የሄደው ወሬውን ከአደ ሰምቶ ነው። በያጁ ከጎኑ ቆሟል። ሚስቱ ሁለቱን ልጆች ይዛ መስኮቱ ሥር ናት።

ከወጣቶቹ አንዱ ረጅሙን የጋዝ ሲሊንደር በእግሩ ነካ አደረገ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ኦክስጅን ነው። ብረት የምቆርጥበት።»

«ይሄ ሁሉ ቧንቧስ?»

«ለአጥር ነው። የታዘዘ ሥራ ነበር፤ ሰውየው ሳይወስደው ቀረ።»

ስልኩን ተቀበሉት። አንዱ ፖሊስ እያገላበጠ ቆየና «ይሄ ምን ይላል?» አለው።

«እህቴ ናት። ናዝሬት ነው የምትኖረው። ስለ ልጇ ትምህርት ነው።»

«በአማርኛ አትጽፍም?»

«እኔና እሷ በትግርኛ ነው የምናወራው» አለ በያጁ። ድምፁን ከፍም ዝቅም አላደረገም።

ፖሊሱ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ለማጣራት ነው። አብረኸን ትሄዳለህ፤ ካለቀ ትመለሳለህ።»

ሚስቱ ጃኬት ልታመጣ ገባች። አባቴ ከበርጩማው ተነሳ።

«እኔም ልሂድ» አለ።

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«ጎረቤቱ ነኝ። በየቀኑ እዚህ ነው የምውለው። እሱ ያደረገው ነገር ካለ አይቻለሁ ማለት ነው፤ እኔም ልጠየቅ።»

«አባባ፣ እርስዎ ቤትዎ ይግቡ።»

«ቤቴማ ቅርብ ነው፤ የትም አይሄድብኝ።»

ሰብሳቢው ጣልቃ ገብቶ «አባባ፣ ነገሩን አያክብዱት» አለ። አባቴ መለሰለት፦ «እኔ አላከበድኩትም፣ ልጄ። ከብዶ ነው የመጣው።»

በያጁን ፒካፕ መኪናው ላይ አስወጡት። አባቴን አልጫኑትም። መኪናው እንደሄደ እሱ በእግሩ ተከተለ፤ በዚያ በደረቀ የጎማ ዱካ ላይ፣ ጋቢውን ወደ ትከሻው እየሰበሰበ። ሮጬ ደረስኩበት። ተመለስ ለማለት ነበር የሮጥኩት፤ ስደርስበት ግን ሌላ ነገር ከአፌ ወጣ። «በእግርህ አትደርስም» አልኩት። የአደ ልጅ ባጃጁን ይዞ ከኋላችን መጣ፤ እናቱ ልከውት ነው። ሦስታችንም አንድ ላይ ሄድን።

ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ አላስገቡንም። ከአጥሩ ውጭ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ብዙ ሰው ነበር፤ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሳህን በፌስታል የያዙ። አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔ ሥራ መሄድ ነበረብኝ። ማታ ስመለስ አባቴ ቤት የለም፤ በኋላ የአደ ልጅ ነው ያመጣው።

ከዚያ በኋላ ሥራው ይኸው ሆነ። የበያጁ ሚስት ምግቡን ትሠራለች፤ እሷ ራሷ ብትሄድ ትያዛለች ብለን ስለፈራን አባቴና አደ ይወስዱታል። አደ የመጀመሪያ ቀን ሲሄዱ ጥበቃው «ምን ይሆንዎታል?» ብሎ ጠየቃቸው። «ጎረቤቴ ነው፤ መሬቱንም የሸጥኩለት እኔ ነኝ። እንዲኖርበት ነው የሸጥኩለት» አሉ፤ ይህንን ራሳቸው ናቸው በኋላ የነገሩኝ፣ ሳህኑን እያጠቡ። ጥበቃው ሳህኑን ተቀብሎ አስገባላቸው። አንዳንድ ቀን ያስገባል፣ አንዳንድ ቀን ይመልሳል። የተመለሰ ቀን ምግቡን እዚያው ላሉት ሴቶች አካፍለው ይመጣሉ።

የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ እኛን ራቀን። ታክሲ ስጠብቅ የሚያወራኝ ሰው ቀነሰ። የዕድሩ ሴቶች ግን እየቆዩ፣ አንዷ ሽንኩርት፣ አንዷ ዱቄት፣ በማሳው በኩል ዞረው ለበያጁ ቤት ማድረስ ጀመሩ። በፊት ለፊቱ በር አይገቡም ነበር። አልፈርድባቸውም።

አንድ ከሰዓት ከሥራ ቀድሜ ወጥቼ ስመጣ አባቴንና ሰብሳቢውን ብሎኬት ማምረቻው ግቢ ውስጥ አየኋቸው። የተደረደረ ብሎኬት ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሰላም ብዬ ላልፍ ስል አባቴ በእጁ ጠራኝ።

ሰብሳቢው ወደ እኔም ወደ እሱም ሳያይ ነበር የሚናገረው። «ታናሽ ወንድሜ ግንባር ነው። ከሄደ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም። እናቴ በየቀኑ ደውላ ትጠይቀኛለች፤ የምመልስላት የለኝም። ማታ ተራ ስቆም ማንን ነው የምጠብቀው እያልኩ አስባለሁ። እኔ ማንን ልመን፣ አባባ?»

«ወንድምህን እግዜር ይመልስልህ» አለ አባቴ። «ስለ ሌላው አላውቅም። ይህንን ሰው ግን ታውቀዋለህ። ስንት ክረምት አብራችሁ ቦይ ቆፈራችሁ። ሄደህ የምታውቀውን ተናገር፤ የማታውቀውን አትናገር። ሌላ ምን ልበልህ።»

«ብናገር እኔንስ?»

«እሱን አልዋሽህም። ሊጠይቁህ ይችላሉ።»

ሰብሳቢው የእጁን የሲሚንቶ አቧራ አራገፈ። ማሽኑ ስለቆመ ግቢው ውስጥ ድምፅ አልነበረም። «ነገ ጠዋት እንሂድ» አለ በመጨረሻ።

እውነትም ሄዱ። አባቴ፣ ሰብሳቢው፣ አደ፣ ከረድፉ ደግሞ ሌሎች ሁለት አባወራዎች። የዚያን ቀን አልሰሟቸውም። ሌላ ቀን ተመልሰው ሄዱ፤ የሚያነጋግራቸው ኃላፊ አገኙ። ለሰውየው በያጁን እንደሚያውቁት፣ ለእሱ ዋስ እንደሚሆኑ በየተራ ነገሩት። ቶሎ አልተፈታም። ወሬው እየተለወጠ፣ ጦርነቱ ወደ ሰሜን መልሶ እየራቀ ሲሄድ፣ ሰው እየለቀቁ ነው ተባለ። የተፈታው በእነሱ ዋስትና ይሁን በጊዜው መለወጥ፣ ዛሬም አላውቅም። አባቴን ስጠይቀው «ወጥቷል አይደል?» ነው ያለኝ።

በያጁ የመጣው አደ ጤፋቸውን ሲያስወቁ ነበር። በሬዎቹ አውድማው ላይ ይዞራሉ፤ ባጃጁ ከሜዳው ዳር ቆመ። ፀጉሩን ላጭተውታል፤ ጃኬቱ ሰፍቶታል። ታናሽ ልጁ ከእኔ ልጅ ጋር ገለባ ላይ ስትጫወት ነበር፤ ቀና ብላ አየችውና ወዲያው አልተነሳችም። ትንሽ ቆይታ ነው የሮጠችው። አባቴ ትከሻውን ደጋግሞ ሳመው። በያጁ «ብርድ ነበር» አለ። ስለዚያ ቦታ ከዚያ ቀን ወዲህ ሌላ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ሰብሳቢው በማግስቱ መጥቶ በር ላይ ቆመ፤ በያጁ ግባ አለው። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ብዙም አልቆየም።

ባሌም መንገዱ ሲከፈት መጣ። ከስቷል፣ ጠቁሯል። የሆነውን ስነግረው ከሁሉም አስቀድሞ የጠየቀኝ «አንቺስ ምን አልሽ?» ብሎ ነው። «ባጃጅ ውስጥ ገባሁ» አልኩት። ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ አለቀስኩ።

በያጁ የጀመራቸውን ሥራዎች በሙሉ ጨረሰ። ለሰው ቃል የገባውን በር ገጠመ፣ ያን ለአጥር የታዘዘ ቧንቧም ባለቤቱ መጥቶ ወሰደ። ሁሉም ወደ ነበረበት የተመለሰ መሰለኝ። ከዚያ አንድ ቀን ልብስ ሳሰጣ ሚስቱ አጥሩ ጋ መጥታ ቤቱን ልንሸጠው ነው አለችኝ።

«እናንተን አይደለም የምንሸሸው» አለች። «አባባ ላይማ እንዴት ብዬ ፊቴን አዞራለሁ። ግን መኪና በዚህ በኩል ሲመጣ ሥራዬን ጥዬ ወደ ውስጥ እሮጣለሁ። ልጆቹም እንደዚያው። ሰው የበዛበት ቦታ፣ ማንም ማንንም የማያውቅበት፣ ይሻለናል።»

«ጎፋ ከሆነ ከሥራዬ ቅርብ ነው» አልኳት። አባቴ ሲሰማ ይከፋዋል ብዬ ፈራሁ። ለጥቂት ቀን ከግቢ አልወጣም፤ ምግብም አልበላ ብሎ ነበር። ዕቃቸውን ሲጭኑ ግን ወጥቶ ሲሊንደሩን በገመድ አጥብቆ ሲያስር አየሁት። ማታ ቅር ብሎህ ነው ወይ አልኩት።

«ቅር አይልም ይባላል?» አለኝ። «ግን ልጅ ያለው ሰው እንቅልፍ ያስፈልገዋል። እናትሽም ይህንኑ ነው ያለችኝ።»

አሁን አስፋልቱ ቤታችንን አልፎ ሄዷል። የአደን የቀረ መሬት ልጆቻቸው ተካፍለውት፣ ማሳው ላይ ፎቅ የሚጀምር የሚመስል ኮንክሪት ቆሟል። እሳቸው ግን ከቤታቸው አጠገብ ባለች ቁራጭ መሬት ባቄላ ይዘራሉ። የሰብሳቢው ወንድም ተመልሷል፤ ቀኝ እጁ ብዙም አይታዘዘውም፣ ብሎኬት ማምረቻው ውስጥ ሠራተኞቹን ያሠራል። በበያጁ ቤት የገቡት ወጣት ባልና ሚስት ናቸው፤ ጠዋት ወጥተው ማታ ይገባሉ፤ አባቴ ሰላም የሚላቸው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። ጉልበቱን ስለሚያመው ከአደ ቤት ወዲያ ብዙም አይሄድም።

በያጁ ጎፋ አንድ ጠባብ ሱቅ ተከራይቶ ይሠራል፤ ከመድኃኒት ቤቱ ሩቅ አይደለም። አንዳንዴ በምሳ ሰዓት ጎራ እላለሁ። ሚስቱ ምሳ አምጥታለት ከሆነ ሦስታችንም አብረን እንበላለን፤ ስለ ልጆቹ ውጤት፣ ስለ ብረት ዋጋ፣ ስለ አባቴ ጉልበት እናወራለን። ባለፈው ሳምንት «ከወጣችሁ ወዲህ ፉሪ መጥተህ አታውቅም እኮ» አልኩት።

«እመጣለሁ» አለ። ብሩሹን አንስቶ የተበየደውን ብረት እየጠረገ ትንሽ ቆየና «ውሃ መጣላችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«በሳምንት አንዴ» አልኩት።

«እኛ ጋም እንደዚያው ነው» አለ። እጁን ታጥቦ መጣ፤ ምሳችንን በላን፤ እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።